አገር የተሰጠበት እንቆቅልሽ

በርገን፣ ኖርዌይ
ጥቅምት 12 ቀን 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ የአባቴ ወንድም፣ ለአቤራ ኤጄታ፤ አምቦ

የእግዚአብሔር ሰላም በእርስዎና በቤትዎ ላይ ይደር። ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎ? እኔ ደኅና ነኝ። እዚህ ዝናቡ በመንደራችን በጎጆ ክረምት ያደገችውን ለንሳን እንኳ «አሁንስ በዛ» አሰኝቷታል።

ሳልደውል በደብዳቤ የመጣሁት ሕግዎን አክብሬ ነው። «ቁም ነገር በስልክ አይነገርም፤ አማርኛሽም በስልክ ይዝጋል» ብለውኝ የለ? ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ ያስተማረ አጎት፣ አቤራ ያለው ሰው ዝም ብሎ አይጽፍም። ቀይ እስክሪብቶዎን ፈርቼ ይህንን ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ።

ጉዳዬ ይኸውልዎ። የማጠናው በየሕዝቡ ተረት ውስጥ ያለውን አታላይ ነው። ጋናዎች ሸረሪት አላቸው፤ የዓለምን ጥበብ ሁሉ በአንድ ማሰሮ ከትቶ ዛፍ ላይ ሊሰቅለው ሲታገል በገዛ ልጁ ተሳቀበት። በሰሜን አሜሪካ ዳርቻ ያሉ ነባር ሕዝቦች ቁራ አላቸው፤ ከሽማግሌ ሳጥን ፀሐይን ሰርቆ ለሰው ያበራ። እዚህ ደግሞ ከጥንት አማልክት መካከል አንድ ተንኮለኛ ነበር፤ ሲሸሽ የዓሣ መረብ ፈለሰፈ፣ ሌሎቹ አማልክት ሲመጡበት እሳት ውስጥ ጥሎት ዓሣ ሆኖ ውኃ ገባ፤ እነሱ ግን ቅርጹን በአመዱ ላይ አይተው ያንኑ መረብ ሠርተው ያዙት።

አስተማሪዬ «ከእናንተስ ማን አለ?» ስትለኝ የአያቴ እኅት፣ አኮ ወርቂቱ ናት ትዝ ያለችኝ። የእሷን ቀበሮና ጥንቸል ያልሰማ ሰው አታላይ ምን እንደሆነ ምን ያውቃል? ዕድሜዋ ገፍቷል፤ ጎጆ ላይ ከዚያች ከምንጩ በታች ካለችው ማሳዋ ጋር ብቻዋን ነው ያለችው። መቅረጫ ልኬልዎታለሁ። ሄደው ያናግሩልኝ፤ ለእርስዎ ለወንድሟ ልጅ እንቢ አትልም።

አክባሪዎ ለንሳ

●

አምቦ
ኅዳር 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለለንሳ

የአባቶችሽ አምላክ ከብርዱም ከክፉ ሰውም ይሰውርሽ። ጉልበቴ እንደ ጡረታዬ ነው፤ አለ ይባላል እንጂ አይደርስልኝም።

ደብዳቤሽ ውስጥ አራት ስሕተት አግኝቼ ሦስቱን ይቅር ብያለሁ። አራተኛው ግን ይገርማል፤ አታላይ ለመፈለግ ባሕር መሻገርሽ። አምቦ መናኸሪያ አንድ ቀን ብትቆሚ ዶክትሬትሽን ይዘሽ ትገቢ ነበር።

ለማንኛውም የታዘዝኩትን ፈጽሜአለሁ። ወደ ጎጆ የሚወጣው መንገድ ያው ነው፤ ሰው ሲደርስ አጥንቱን ቆጥሮ ይወርዳል። አክስቴን፣ አዳዳ ወርቂቱን፣ ገብሷን አጭዳ ድንቿን እየለቀመች አገኘኋት። ያንቺን መልእክት ስነግራት ደስ አላት፤ መቅረጫውን ሳወጣ ግን «በቀን ተረት አይወራም፣ ከብት ይጠፋል» ብላ እንቢ አለች። «የመመለሻ መኪናዬ በአሥር ሰዓት ነው» አልኳት። ትንሽ አሰበችና ተነሥታ በሩን ዘጋች፣ መስኮቱ ላይ ጋቢ ሰቀለች፣ ኩራዝ ለኮሰች። «አሁን መሽቷል» አለችኝ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ማለት ነው። ሕግ አትጥስም፤ ዙሪያውን ግን ታውቀዋለች።

ሦስት ሰዓት ያህል አወራችልኝ። መጨረሻ ላይ እንቆቅልሽ ተጫወትን፤ እንደ ልጅ አሳቀችኝ። ኔትወርኩ እንኳን ሦስት ሰዓት ድምፅ ሰላምታም አያሳልፍ፤ ስለዚህ ካርዱን ለትምህርት ወደዚያ ለሚመጣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሰጥቼዋለሁ። እኔ ጋ ቅጂ የለም፤ አደራ እንዳይጠፋ።

አቤራሽ ኤጄታ

●

በርገን
ጥር 9 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አቤራ ኤጄታ

ያደረጉልኝን እግዚአብሔር በልጆችዎ ይክፈልዎ። ካርዱ ደርሶኛል። አራት ቀን ከቤት ሳልወጣ ሰማሁት፤ ጎረቤቴ «ብቻሽን ምን ያስቅሻል?» ብላ አንኳኳች።

ጥንቸል ጅብን «ገደሉ ሊወድቅ ነው፣ በትከሻህ ደግፈህ ያዝልኝ፣ ምሰሶ ላምጣ» ብላው የያዘውን ሥጋ በልታበት የሄደችበትን ያስታውሳሉ? ያንኑ ተረት በሜክሲኮ ያወሩታል! እዚያ ገደሉን ደግፎ የሚቆመው የበረሃ ተኩላ ነው። አስተማሪዬ ሰምታ ከወንበሯ ተነሣች። አኮ ወርቂቱ ሜክሲኮን በስም እንኳ አታውቃትም።

ከሁሉም የወደድኩት ግን እንቆቅልሹን ነው። «ሂቦ»፣ እንቆቅልሽ፣ ብለው ሲጀምሩ እሷ ሰባቱን መለሰች። ስምንተኛው ላይ፣ «አባቴን በላ፣ አባትሽን በላ፣ እስካሁን አልጠገበም፣ ስንረግጠው ዝም ይላል» ሲሏት ግን አላውቅም አለች። በጣም ገረመኝ፤ ይህንን የጎጆ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። እርስዎም «አገር ስጪኝ» አሉ። ጊንጪን ሰጠችዎ፣ «አልፈልግም» አሉ። ወንጪን ከነሐይቁ ሰጠችዎ፣ «አልፈልግም፣ ሌላ አገር» አሉ። በመጨረሻ «እንግዲያ ከምንጩ በታች ያለውን ማሳዬን ሰጥቼሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው። ልጆችህ ይዝሩበት» ስትል «ተቀብያለሁ» አሉና ሳል ያዘዎ። እዚያ ላይ ይቆማል፤ ባትሪው አልቆ ይመስለኛል።

አስተማሪዬ «ለምን አገር ይሰጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። ያላወቀ አገር ይሰጣል፣ አገር የተቀበለ ደግሞ መልሱን ይናገራል፣ መልሱ የአገሩ ዋጋ ነው አልኳት። ልክ ነኝ? መልሱን ከቀረጻው በኋላ ነግረዋታል? ለጥናቱ እንዲሞላልኝ ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ ለንሳ

●

አምቦ
የካቲት 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለብርቅዬዋ የወንድሜ ልጅ

ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ። ደስታሽ ደስ አሰኘኝ። ስለ ጥንቸሏና ስለ ሜክሲኮ ለጡረተኞቹ ጓደኞቼ ነግሬ አንድ ሳምንት ተከራከርንበት።

አሁን እኔም ካንቺ የምፈልገው አለ። አዳዳ እንግዲህ ሰማንያን አልፋለች። ሰው ነንና አንድ ቀን ድምፅዋ ብቻ ይቀረናል። በቀረጻው ውስጥ ከምንጩ በታች ስላለው ማሳ የምትናገርበት ቦታ አለ፤ አባቴ እያረሰ ያሳደገን እዚያ ነው። እሱን ብቻ ቆርጠሽ በፍላሽ ላኪልኝ። የኔን ድምፅ አውጪው፤ ሳሌን ራሴም ልሰማው አልወድም። የበጉንም ጩኸት፣ የነፋሱንም ብታነሺው መልካም ነው። ቃሏ ጥርት ብሎ ይሰማ።

ደግሞ አንድ ወረቀት ጻፊልኝ፤ ድምፁ የወይዘሮ ወርቂቱ መሆኑን፣ የተቀረጸበትን ቀን፣ ማኅተም ያለበት። አገርሽን ታውቂው የለ፤ ማኅተም የሌለውን ነገር ዘመድም አያምነውም። ለቤተሰብ መታሰቢያ የሚቀመጥ ነው።

ጉልበቴ ብሶበታል። አንቺን ማስቸገሬ ነው።

አቤራሽ ኤጄታ

●

በርገን
መጋቢት 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አቤራ ኤጄታ

ሰላምና ጤና ከእርስዎ አይራቅ። ያዘዙኝን ሠርቻለሁ። ነፋሱን አነሣሁ፣ በጉን አነሣሁ፣ እርስዎንም አነሣሁ። ሃያ ሁለት ሰከንድ ነው። «ከምንጩ በታች ያለውን ማሳዬን ሰጥቼሃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው። ልጆችህ ይዝሩበት።» አጠገቤ የተቀመጠች ይመስላል። «እንግዲያ» የምትለዋን ቃል ለብቻዋ ስትሰማ ስላላማረችኝ ቆርጫታለሁ።

ማኅተሙ ግን ልቤን አወለቀው። እዚህ አገር ማኅተም የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም በፊርማና በኮምፒውተር ነው። የክፍላችን ጸሐፊ ከመሳቢያ ሥር የድሮ ማኅተም ቆፍራ አወጣች፤ ቀለሙ ደርቆ ኖሮ በውኃ አርሳ ሁለት ጊዜ መታችልኝ። «ምን ልታደርጊበት ነው?» ስትለኝ «አያቴ ድምፅዋ የራሷ መሆኑ እንዲታመንላት» አልኳት። ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ።

የስምንተኛውን እንቆቅልሽ መልስ አልጻፉልኝም። እንዳይረሱት።

አክባሪዎ ለንሳ

●

አምቦ
ግንቦት 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለለንሳ

ፍላሹም ወረቀቱም በሰላም ገብቷል። ማኅተሙ ሁለት ጊዜ መመታቱ መልካም ነው። ጌታ ያክብርሽ። ሥራ ስለበዛብኝ አሳጥሬ ጻፍኩ።

ኤጄታ

●

በርገን
ነሐሴ 28 ቀን 2011 ዓ.ም.

አቤራ ኤጄታ፣

ሰላምታ ልጽፍ ሞክሬ እጄ እንቢ አለኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ወይም አያድርጉልኝ።

ትናንት ሃዋኒ ደወለችልኝ። ያቺ ጎጆ ጤና ጣቢያ የምትሠራው፣ የአኮ ወርቂቱን ደም ግፊት የምትለካው ሃዋኒ። ስልኩ እየተቆራረጠ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት፤ አልገባኝም ነበር። እርስዎ አኮ ወርቂቱን በሽማግሌ ጠርተዋታል አለችኝ። «ማሳዋን በአንደበቷ ሰጥታኛለች፣ ማስረጃው ከውጭ አገር በማኅተም መጥቷል» ብለዋል አለችኝ። ሽማግሌዎቹ ከፈረዱ ስጦታው ተጽፎ የይዞታ ደብተሯ ወደ እርስዎ ስም ይዞራል፣ ጉዳዩ በጥቅምት ይታያል አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ አላውቅም።

ፋይሉን ከፍቼ እንደገና ሰማሁት። ሃያ ሁለት ሰከንድ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። «እንግዲያ»ን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጊንጪን ያወጣሁት፣ ወንጪን ያወጣሁት፣ ሳቅዋን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አቤራ፣ ማኅተሙን ፈልጌ ያስመታሁት እኔ ነኝ። ጸሐፊዋ ስትስቅ አብሬ ሳቅሁ።

የስንት ሕዝብ አታላይ አጥንቼ፣ ማሰሮ የተሸከመውን ሸረሪት፣ ፀሐይ የሰረቀውን ቁራ ለተማሪ አስረድቼ፣ በገዛ አቤራዬ ፊት ግን ገደል ደግፌ የቆምኩት ጅብ እኔ ሆንኩ። ትከሻዬ እስኪደክም ደገፍኩልዎ።

አባቴ ሲሞት ለቀስተኛው እስኪወጣ በር ላይ ቆመው ያስተናገዱት እርስዎ ነዎት። የትምህርት ቤት ደብተሬን የገዙልኝ እርስዎ ነዎት። ያ ሰውዬ የት ሄደ ብዬ ልጠይቅ እፈልጋለሁ፤ ግን ምናልባት ያው ሰውዬ ነው፤ እሱ ነው ያስደነገጠኝ።

ያቺ ማሳ ከሄደች አኮ ምን ትበላለች? ሌላ ምን አላት? ይመልሱልኝ። ሙሉውን ቀረጻ ወደ ጎጆ ልልክ ሰው እየፈለግሁ ነው፤ በጥቅምት መድረሱን ግን እንጃ።

ለንሳ

●

አምቦ
ኅዳር 4 ቀን 2012 ዓ.ም.

ለለንሳ

በምን ቃል እንደምጀምር ስላላወቅሁ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ ልበል። ይኸኛው ከልቤ ነው።

የነሐሴው ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ እንደ ልማዴ ቀይ እስክሪብቶ አነሣሁ። ሰላምታ የለውም፣ አንቀጹ ተሰባብሯል። እስክሪብቶውን ይዤ ብዙ ቆየሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ አላነሣሁትም።

አልመለስኩልሽም፤ የምመልሰው ስላልነበረኝ አይደለም። የምመልሰውን ለሽማግሌዎቹ አዘጋጅቼ ስለነበር ነው። ስሚኝ፣ ከዚያ ፍረጂ። ያ ማሳ ግማሹ የአባቴ ነበር። አባቴ ሲሞት እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ነበርኩ፤ አዳዳ የራሷን ስታርስ የእሱንም አብራ አረሰች። ማንም ምንም አላለም። እኔም አርባ ዓመት ምንም አላልኩም። በየዓመቱ አንድ ጆንያ ድንች ትልክልኛለች፣ እበላለሁ፣ ዝም እላለሁ። ጡረታ ስወጣ ልጆቼ «አባባ፣ አንተ ምን አለህ?» አሉኝ። አስፋልት በጎጆ ሊያልፍ ነው፣ መሬት ሊወደድ ነው ተባለ። በግልጽ ብጠይቃት ምናለበት? አፈርኩ። ከመጠየቅ ይልቅ ማታለል የማያሳፍርበት ቀን ይመጣል ብትይኝ አላምንሽም ነበር። ያን ቀን፣ ጋቢው መስኮት ላይ ተሰቅሎ «ሰጥቼሃለሁ» ስትለኝ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ለጨዋታ ነበር የተቀበልኩት። ተንኮሉ የመጣልኝ ስመለስ መኪና ውስጥ ነው። ባትሪውም አላለቀም። ሳሌ ሲይዘኝ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

አሁን የሆነውን ልንገርሽ።

ጥቅምት 16 ቀን በኦቦ ሞቱማ ግቢ ተቀመጥን። ሞቱማ ከአምስቱ ሽማግሌዎች ትልቁ ነው፤ አባቴን ያውቀው ነበር። ፍላሹን ከድምፅ ማጉያ ጋር አገናኘሁት። ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። በግ አልጮኸ፣ ነፋስ አልነፈሰ፤ ሥራሽ መልካም ነበር። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ ሽማግሌ ማንበብ አይችልም፤ ማኅተሙን በጣቱ ዳስሶ ራሱን ነቀነቀ። ያንቺ ሙሉ ቀረጻ አልደረሰም ነበር። ሃዋኒ ጥግ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ እንዲያ ታይቼ አላውቅም።

ሞቱማ ጠየቀ። «አዴ ወርቂቱ፣ ድምፁ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው» አለች።

«ማሳውን ሰጥተሽዋል?»

«ሰጥቼዋለሁ።»

ሃዋኒ አፏን ያዘች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከሁሉም የደነገጥኩት ግን እኔ ነኝ። ትክዳለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ለሁለቱም መልስ ይዤ ነበር የሄድኩት። «ሰጥቼዋለሁ» ለሚል ሰው መልስ አላዘጋጀሁም።

«ግን ዋጋዬን አልከፈለኝም» አለች ቀጥላ። «አገር ተቀብሎ መልሱን ሳይነግረኝ ሄደ። ዓመት ሊሞላው ነው፣ እየጠበቅሁ ነው።»

«የምን መልስ?» አለ ሞቱማ።

«የእንቆቅልሹን ነዋ።»

ሞቱማ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ ላይ ሳቅም ቁጣም የለም። «ኤጄታ፣ ይህ ነገር እንቆቅልሽ ነበር?»

«እንቆቅልሽ ካልነበረ ልጄ ይማልና ማሳውን ይውሰድ» አለች አዳዳ። «እንቆቅልሽ ከነበረ ደግሞ መልሱን እዚሁ በሰው ፊት ይንገረኝ። መልሱን ካልነገረ አገሩ ይመለሳል። ይህንን ሕፃን ያውቀዋል።»

አየሽልኝ? ብናገር ጨዋታ መሆኑን አመንኩ፤ ዝም ብል አገሩ ይመለሳል፤ ብክድ በሐሰት ልምል ነው። በሩን ዘጋችው፣ መስኮቱንም ዘጋችው። የዚያን የኖርዌዩን መረብ ያኔ አሰብኩት፤ ቅርጹን አመዱ ውስጥ የተውኩላት እኔው ነኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ «መልስ!» ያልኩት ሰው፣ ተማሪ ዝም ሲል ያስቆምኩት ሰው፣ እዚያ ጥድ ሥር እንደ ተማሪ ቆምኩ። መማልም ቃጥቶኛል፤ እሱን ላንቺ አልደብቅም። እጄ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ አየኋት። የለበሰችው ሹራብ የእናቴ ነበር።

«መጀመሪያ እንቆቅልሹን በለው፣ ሽማግሌዎቹም ይስሙት» አለችኝ።

አልኩት። «አባቴን በላ፣ አባትሽን በላ፣ እስካሁን አልጠገበም፣ ስንረግጠው ዝም ይላል።»

«አላውቅም» አለች። «ምንድን ነው?»

«መሬት» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ሞቱማ ወረቀትሽን አጥፎ መለሰልኝና «ጉዳዩ አልቋል» አለ። ማሳዋ በእጅዋ ነው። ደብተሯም በስሟ ነው። ሥጋትሽ እዚህ ላይ ይብቃ።

ለመሄድ ስነሣ ጠራችኝ። እንደ ወትሮው አንድ ጆንያ ድንች አስራ አስቀምጣለች፤ አልቀበልም ብላት ሰው ሁሉ እያየ ነው፣ ተቀበልኩ። ልሸከመው ጎንበስ ስል ቀስ ብላ፣ እኔ ብቻ እንድሰማ፣ «ኤጄታ» አለችኝ። «ያን እንቆቅልሽ እኮ ላንተ ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። የአምስት ዓመት ልጅ ነበርክ። ያን ቀን ሰባቱን መልሼብህ ፊትህ ሲጠቁር አየሁና፣ አንዱን እንኳ ያሸንፍ ብዬ ነው አላውቅም ያልኩህ።»

ለንሳ፣ ይህንን የምጽፍልሽ ይቅርታ ለመለመን አይደለም፤ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ለጥናትሽ ስትጽፊው የኔን ድምፅ አትቁረጪው። «አልፈልግም፣ ሌላ አገር» ያልኩበትንም ጭምር ተዪው።

የአባትሽ ወንድም
ኤጄታ